ሰው ቤት የቀረ ዜማ

ሦስት ሌሊት ዓይኑን ሳይከድን አድሮ አራተኛው ቀን እሑድ ሆኖ ነጋ፣ ቪየና ያለው ኖዳር ግን ከአልጋው አልተነሣም፣ ምን ሊሠራ ይነሣል፣ ስልኩ እስኪጮህ ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው፣ መጠበቅ ደግሞ ተጋድሞም ይቻላል። ሰባት ሰዓት ላይ ብላለች ማናና። እኅቱ ናት፣ ያለችውም አገር ቤት፣ ኩታይሲ ከተማ፣ እናታቸው አልጋ አጠገብ ነው። ሐሙስ ዕለት በዚያ በሚንኮሻኮሽ መስመር ደውላ «እሑድ የስልክ ጣቢያው ሰውዬ መስመር ይሰጠኛል፣ በእናንተ ቀን ሰባት ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም ብሎኛል፣ እሱንም በስንት ልመና፣ ማገዶ ተሸክሜለት ሄጄ» አለችው። ማገዶ! ሰው ማገዶ ተሸክሞ ስልክ የሚደውልበት ዘመን መጣ። «ትሰማኛለህ ኖዳር? እማ መናገር አቁማለች። ሐኪሙ ቀን ነው የቀራት አለ፣ ሳምንት አላለም፣ ቀን ነው ያለው። እጇ አጥንት ብቻ ነው፣ የጋብቻ ቀለበቷ እየወለቀ ስላስቸገረኝ ክር ጠምጥሜበታለሁ። መጨረሻ የተናገረችው ስላንተ ነው።» ምን አለች? «ኖዳር ያንን ሶናታ ይጫወትልኝ፣ ያንን የተሸለመበትን፣ እስከ መጨረሻው ይጫወትልኝ አለች።» ይኸው ነው። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሣው ይህ «እስከ መጨረሻው» የሚሉት ነገር ነው። ሶናታ ጀምሮ መንገድ ላይ የሚተው ማን አለ? ማንም አይተውም። ታዲያ ለምን እንዲህ አለች? ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ጣራው ላይ ያለችውን የእርጥበት እድፍ ያያል፣ እስከ መጨረሻው፣ እስከ መጨረሻው፣ ትንሿ ጣቱ ደግሞ ሳያዛት አንሶላውን ትነካካለች።

እናቱ ኤተሪ አርባ ዓመት ፒያኖ አስተምራለች፣ ኩታይሲ ውስጥ ጣት ያለው ሁሉ እሷ እጅ ውስጥ አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ የዳኛ ልጅ፣ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ፣ እንጨት እንጨት የሚል እጅ ያለው ሁሉ። ልጇን «እናቴ» ነው የምትለው፣ በእነሱ አገር እናት ልጇን የምታቆላምጠው በራሷ መጠሪያ ነው፣ ና እስቲ እናቴ፣ ከላይ ጀምርልኝ፣ ትለዋለች፣ እሱም ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እግሩ መርገጫው ጋ አይደርስም፣ ክረምት ነው፣ የለውዝ ኬክ ሳህን ላይ ተቆርሶ ይጠብቀዋል፣ ሳይጨርስ አይነካውም። «ሶናታ ምን መሰለህ እናቴ፣ ሁለት ዜማ ነው። አንደኛው የቤት ልጅ ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ኮስታራ። ሁለተኛው የሚወለደው ሰው ቤት ነው። ሰው ቤት ብርሃን አለ፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ይሥቃል። ከዚያ ጠብ ይነሣል፣ ሁለቱም በየቅኝቱ ይንከራተታሉ፣ በሰው ደጅ ሁሉ ይቆማሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ቤት ይገባል፣ ሁለተኛውም። ያው ዜማ ነው፣ ቃል በቃል፣ ግን ቤት ሲገባ መሣቁን ይተዋል፣ ቤት ጨለማ ነዋ።» «ታዲያ ለምን ይመለሳል?» አላት። «ካልተመለሰማ አያልቅም» አለችው፣ ይህን ያህል የሚጠየቅ ነገር ነው እንዴ በሚል ዓይን እያየችው። ስለ ምትም እንዲሁ ነበረች። ሰው የሚያስፈራው ጩኸት አይደለም ትላለች፣ የለመደው ምት ሲጓደልበት ነው የሚደነግጠው፣ ደረጃ ሲወርድ አንድ እርከን እንደጎደለችበት ሰው። ዝምታውንም ቁጠር፣ ዝምታውን የማይቆጥር ሙዚቀኛ ውሸታም ነው። ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፣ ተማሪ ሲጫወትማ ጭራሽ አትናገርም፣ የፒያኖውን ክዳን በቀለበቷ ታንኳኳለች እንጂ። አንድ ጊዜ ቋ ካለች ተሳስተሃል ማለት ነው። ሁለት ጊዜ፣ ቋ ቋ፣ ያው ስሕተት ነው፣ ደገምከው ማለት ነው። ሦስት የለም። ሦስተኛ ጊዜ የሚሳሳት ተማሪ እሷ ቤት አልነበረም።

በዚያ ሶናታ ውስጥ አንድ መታጠፊያ አለ፣ ኖዳርን የበላው እሱ ነው። ከመጀመሪያው ዜማ ወደ ሁለተኛው የሚያሻግረው መንገድ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ አንዴ ሲወጡ፣ አንዴ ሲመለሱ፣ መንገዱም ያው ነው፣ ኖታ በኖታ፣ ጣት ልዩነቱን አያውቅም፣ እስከዚያች አንዲት ምት ድረስ። እዚያ ላይ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ጥቁሯን ቁልፍ ከነካች ወደ ሰው ቤት ትወጣለህ፣ ጎኗ ያለችውን ነጯን ከነካች ቤትህ ትገባለህ። ከዚያ አራት ምት ዝምታ፣ ሁለቱም እጅ አየር ላይ፣ ከዚያ ሁለተኛው ዜማ። ሲመለስ እንደ አወጣጡ የታጠፈ ሰው ጉድ ሆነ፣ ዜማው በዚያ በሰው ቤት ፈገግታው ከች ይልበታል፣ አሁንም ውጭ ነው፣ ጠቡንም መንከራተቱንም እንደ አዲስ ዞሮ ካልሆነ እዚያች መታጠፊያ ዳግመኛ አይደርስም። ቪየና የመጣው ለውድድር ነበር፣ ከአምስት ዓመት በፊት፣ የአጎቱን ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ያን ጊዜ የላከው ትልቅ አገር ገና አልፈረሰም ነበር። የመጨረሻው ዙር ደረሰ። ጥሩ ጀመረ፣ እንዲያውም ከጥሩም በላይ፣ ሲመለስ መታጠፊያው ጋ ይደርሳል፣ ጥቁሯን ይነካታል። በዝምታው ውስጥ ነው ያወቀው፣ እጁ አየር ላይ እንዳለ፣ ሁለት ሲቆጥር። ግን እጅ አንዴ ከተነሣ መውረዱ አይቀርም። ዜማው ሥቆ ወጣ፣ ከዳኞቹ አንዷ ቀና አለች፣ ግድ የለም፣ ዞሬ እመለሳለሁ አለ በልቡ፣ ዞረ፣ ተንከራተተ፣ ላቡ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ ተመለሰ፣ ጥቁሯን ነካት። ተነሣ። እጅ ነሣ፣ ምን ቆርጦት እጅ እንደሚነሣ እግዜር ይወቅ፣ ወጣ። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ እንኳ አልሳለም።

ከአዳራሹ ጀርባ የስልክ ሳጥን ነበረ። «እህ፣ እናቴ?» አለችው ኤተሪ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። «ሦስተኛ ወጣሁ» አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ። አራት ምት ያህል ዝም አለች። «ጎበዝ» አለች ከዚያ፣ «ጎበዝ የእኔ ልጅ።» እዚሁ ቆይቼ እንድማር ጠይቀውኛል አላት፣ ውሸት አንዴ በሩ ከተከፈተለት ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ነው የሚገባው፣ በሚቀጥለው ወር በሊንትስ ኮንሰርት አለኝ፣ በግራትስ አለኝ፣ ጭብጨባው አላስወርድ አለኝ። በማግሥቱ ይዘውት የመጡት ሰዎች ያለ እሱ ሄዱ። ከፖለቲካ ሸሽቶ ቀረ ተባለ፣ አንድ ጋዜጠኛ መጥቶ «ነፃነት ነው የፈለጉት?» ሲለው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። የሸሸው ከአንዲት ጥቁር ቁልፍ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም፣ እያለ ነው አምስት ዓመት የኖረው፣ ሌሊት ሌሊት ግን ያቺ የእናቱ የአራት ምት ዝምታ ትመጣበታለች፣ ጎበዝ ከማለቷ በፊት የነበረችው፣ መስመሩ ነው ይላል ለራሱ፣ የዚያን ጊዜ መስመር ድምፅ ያዘገይ ነበር።

አሁን የሚበላው የባሌት ዳንስ ትምህርት ቤት ከሚያገኘው ነው። ሴቶች ልጆች ግድግዳው ላይ ያለውን ዘንግ ይዘው ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ ሲያደርጉ እሱ ጥግ ተቀምጦ በሦስት ምት ይመታላቸዋል፣ ስምንት ዙር ወደ ቀኝ፣ ስምንት ዙር ወደ ግራ፣ አይፈጥን፣ አይዘገይ፣ ቅኝት አይቀይር። አንድ ጊዜ ሰልችቶት ሳያስበው ወደ ጠቆረው ቅኝት ቢወርድ ልጆቹ ሁሉ እግራቸው አየር ላይ ቀረ፣ አስተማሪዋ ዞር ብላ «ምን ሆነ? ማን ሞተ?» አለች። ማንም አልሞተም ብሎ ወደ ብርሃኑ ተመለሰ። እናቱ ስልክ ላይ ምን እየተጫወትክ ነው ስትለው የሚነግራት ሌላ ነው።

ደግሞ ፓስፖርቱ። የላከው አገር ፈረሰ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ያ የፈረሰው አገር ነው፣ ማዘጋጃ ቤት ቁጥር ቆርጦ ሦስት ሰዓት ይቀመጣል፣ ቁጥሩ በርቶ ሲገባ ሹሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያገላብጣል። «እዚህ የተጻፈው አገር የለም።» «አውቃለሁ።» «በሌለ አገር ፓስፖርት ማደስ አልችልም።» «እኔ ግን አለሁ።» «እርስዎ የሉም አላልኩም፣ አቶ ኖዳር፣ በደረጃው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይውጡ፣ ሃያ ሁለት ቁጥር።» ሃያ ሁለት ቁጥር ያለችው ሴት አንድ ብጫ ወረቀት ሰጠችው፣ በዚህ መኖር ይቻላል፣ ከወጡ ግን በዚህ መመለስ አይቻልም አለችው። ማናና ባለፈው ወር «ና» ስትለው ብጫውን ወረቀት ነው ያነሣባት። «ታዲያ መጥተህ አትመለስ! ምን ጥለህ ነው የምትመጣው? ኮንሰርትህን ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ውስጥ የሆነች እሾህ ነበረች፣ ወይስ ለእሱ መሰለው። እውነቱን ለመናገር ወረቀቱ ሰበብ ነው። ቢሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ አንዱ ሽማግሌ ጽዋ አንሥቶ ስለ ተሸላሚው ልጃችን ይላል፣ ከዚያ እስቲ ያንን ሶናታ ይሉታል። በምን ይጫወታል ደግሞ? ፒያኖው የለም። ባለፈው ክረምት መብራቱም ማሞቂያውም ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ወለሉን እየነቀለ ሲያነድ ማናና መጀመሪያ የፒያኖውን ወንበር አነደደች፣ ከዚያ ክዳኑን፣ ከዚያ የቀረውን። «እማስ ምን አለች?» ሲላት «ወደ ግድግዳው ዞረች» አለች፣ «የለውዝ ዛፍ እንጨት ነው፣ ጥሩ ነደደ።» የእናቱ ክዳን ሲነድ እሱ ቪየና ተቀምጦ በግራትስ አዳራሹ ሙሉ ነበር ይላል። ሰው ራሱን የሚጠላው እንዲህ ነው፣ ቀስ በቀስ፣ በየስልኩ።

አራት ሰዓት ላይ ተነሣ። የሚቀረው ታች ያለችውን ሴትዮ መለመን ነው። በዚህ ቤት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት የቀትር ዕረፍት ነው፣ ሙዚቃ ክልክል፣ ምንጣፍ ማራገፍ ክልክል፣ እሑድማ ጨርሶ አይነሣ፣ ሕጉ በር ላይ በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ የምትኖረው ወይዘሮ ፖኮርኒ ደግሞ ከሕጉም የባሰች ናት፣ ባሏ የሞተባት የትራም ነጂ ሚስት፣ ጣራዋን የምታንኳኳበት መጥረጊያ በአልጋዋ ራስጌ ታቆማለች። ኮሪደሩ ላይ ካለው የውኃ ቧንቧ ስትቀዳ አገኛት።

«ወይዘሮ ፖኮርኒ፣ ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ብጫወት…»

«ሰባት ሰዓት? እሑድ? ፕሮፌሰር፣ ያመዎታል እንዴ?» እዚህ ከተማ ፒያኖ ያለው ሁሉ ፕሮፌሰር ነው፣ እሷ ግን ስትለው ስድብ ይመስላል።

«እናቴ በስልክ ልትሰማኝ ነው።»

«በስልክ ከሆነ በስልክ ይጫወቱላታ፣ እኔ ጣራ ላይ ምን አመጣው?»

«ታማለች። በጣም።»

«የእኔም እናት ታማ ነበር፣ ሞተችም» አለች ባልዲዋን እያነሣች፣ «እኔ ግን በቀትር ፒያኖ አልመታሁም።» ሄደች። ደረጃው ላይ ዞር ብላ አየችው።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ቁልፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፣ ፎጣ አጥፎ ፒያኖው ራስ ላይ ያነጥፋል፣ ስልኩ የሚቀመጥበት፣ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ እንዳይሻክር። እጆቹ ቀዝቅዘዋል። ብብቱ ውስጥ ይከታቸዋል። ነጯን፣ ነጯን፣ ነጯን ይላል፣ ምን ችግር አለው፣ አንዲት ጣት፣ አንዲት ቁልፍ፣ ሺ ጊዜ ወረቀት ላይ ያየው ነገር። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ሞክሮት አያውቅም፣ የኖታውን መጽሐፍ ከአጎቱ ሱፍ ጋር ሻንጣው ውስጥ እንደከተተው ነው። ስልኩ ጮኸ።

«ኖዳር?»

«አለሁ።»

«በል ጀምር፣ ጊዜ የለም። ስልኩን ጆሮዋ ሥር አድርጌዋለሁ።»

«እማ፣ እኔ ነኝ» አለ። ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማው፣ እርጥብ፣ ረጅም፣ መሃሉ ላይ የሚሰናከል። ያን ትንፋሽ ቆጠረው፣ ሙያው ነው፣ ምቱ አይገጥምም። «እማ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«አትመልስልህም፣ ዓይኗ ግን ተከፍቷል። ተጫወት እንጂ አንተ ሰው! መናገር ነው የጠየቀችህ?»

ስልኩን ፎጣው ላይ አጋደመው፣ ተቀመጠ፣ ሁለቱም እጅ ከታች ወፍራም ድምፅ ካላቸው ቁልፎች ተነሡ። የቤት ልጁ መጣ፣ ጥቁሩ፣ ኮስታራው። ግራው እንደሚራመድ ሰው አራት አራት ይረግጣል፣ ቀኙ ግማሽ ምት ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለዋል፣ እንደሚያነክስ፣ ይኸው ማነከሱ ነው ልብ የሚሰቅለው፣ አንድም ጊዜ አብረው አይረግጡም፣ ሊደርስበት ነው፣ ሊደርስበት ነው፣ አልደረሰበትም። ከሥር መጥረጊያው ጀመረ፣ ዱ ዱ ዱ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። መታጠፊያው፣ ሲወጣ ነው አሁን፣ ጥቁሯ፣ ትክክል፣ አራት ምት ዝምታ፣ ትንፋሿ በዝምታው ውስጥ ይሰማል፣ ሁለተኛው ዜማ ሰው ቤት ተወለደ፣ ሰፊ መስኮት፣ ፈገግታ፣ ወይ ሲያምር፣ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ እንደሚያምር ረስቶት ነበር። ከዚያ ጠቡ። እዚህ ላይ ቅኝቱ መቀመጫ ያጣል፣ ሁለት መስመር እዚህ፣ ሁለት መስመር እዚያ፣ አንዱ ደጅ ገና ሳይከፈት ወደ ሌላው፣ ምቱም እያጠረ ይመጣል፣ ስምንት የነበረው አራት፣ አራቱ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ፣ ጣቶቹ እየተረጋገጡ፣ እናቱ ትዝ ትለዋለች፣ እዚህ ላይ አትቸኩል እናቴ፣ የሚቸኩለው ዜማው እንጂ አንተ አይደለህም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ትዝ ይለዋል፣ ሃያ ሁለት ቁጥር፣ የነደደው ክዳን፣ እንዲህ ሆኖ ሆኖ ሁሉም በአንድ ድምፅ ላይ ተንጠለጠለ፣ ቆመ፣ የቤት ልጁም ተመልሶ መጣ። መጥረጊያው ዝም ብሏል።

መንገዱ። ያው መንገድ። ነጯን ይላል፣ አሁን ነጯን፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ወረደች፣ ጥቁሯን ነካች።

አንድ፣ ሁለት፣ እጁ አየር ላይ፣ አወቀው፣ ሦስት፣ የፈጣሪ ያለህ፣ አራት። እጅ አንዴ ከተነሣ መውረዱ አይቀርም። ዜማው ሥቆ ወጣ። ኖዳር የራሱን እጅ እንደ ሰው እጅ ያየዋል፣ አሁን ምን ይደረጋል፣ ማናና ሙዚቃ አታውቅም፣ ዞሬ እመለሳለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም፣ ብሎ ሳይጨርስ ከፎጣው ላይ፣ ከስልኩ ውስጥ፣

ቋ ቋ።

ቀለበት ነው፣ በአልጋው ራስጌ እንጨት ላይ፣ ያቺው እጅ፣ በሺ ድምፅ መካከል የሚለያት። በሕይወት አለች፣ እየሰማችው ነው፣ አራት ቀን ቃል ያልወጣት ሴት የተማሪዋን ስሕተት ግን ማለፍ አልቻለችም፣ ደስታ ነው መጀመሪያ የመጣው፣ ዕንባውን እያፈሰሰ ሣቀ፣ ብቻውን፣ እሑድ በቀትር። ቀጥሎ ነው የገባው። ሁለት ጊዜ። ሁለት ጊዜ ነው ያንኳኳችው፣ አንድ አይደለም። ያው ስሕተት ነው፣ ደገምከው። እሷ ፊት ይህን ስሕተት ሠርቶ አያውቅም፣ ልጅ እያለ አንድም ቀን፣ የሠራው እዚህ ነው፣ ቪየና፣ በዚያ መድረክ። ታውቅ ነበር። ማን ነገራት፣ ይዘውት የመጡት ሰዎች ይሆናሉ፣ ሬድዮ ይሆናል፣ ምን ለውጥ አለው፣ ስልኩ ሲደወልላት ታውቅ ነበር፣ አራት ምት ዝም ያለችው ለዚህ ነው፣ ጎበዝ ያለችው እያወቀች ነው፣ በሊንትስ ጨበጨቡልኝ ሲላት፣ በግራትስ አላስወርድ አሉኝ ሲላት፣ እሰይ እናቴ የምትለው እያወቀች ነው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሦስተኛ ወጣ እያለች ያወራችው እያወቀች፣ ውሸቱን እንደ ሕፃን አዝላለት አምስት ዓመት። እስከ መጨረሻው ያለችውም ለዚህ ነው። ሌላ የጠየቀችው ነገር አልነበረም፣ እንዲመጣ እንኳ አልጠየቀችም፣ ዜማውን ቤት እንዲያስገባው ብቻ።

እዚህ ላይ ወደ መታጠፊያው መመለስ ነበረበት። ቀላል ነው፣ እሷ ስታንኳኳ ተማሪው ከመስመሩ መጀመሪያ ይነሣል፣ ሕጉ ይህ ነው። ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሣም። የቤት ልጁ፣ መንገዱ፣ አሁን ነጯ የት እንዳለች ጣቱ ታውቃለች፣ አሁን ሊስታት አይችልም፣ ደርሶባታል፣ እና ያን ጊዜ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ጥቁሯን ነካት። ሆን ብሎ። የእናቱን ማንኳኳት ሊሰማ ፈልጎ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ አንኳኪልኝ፣ ተቆጪኝ፣ ሦስተኛ ጊዜ የተሳሳተ ተማሪሽ እኔ ልሁን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ምንም የለም። ዜማው ብቻውን ሣቀ። አልሰማችኝም አለ፣ ደክሟት ነው፣ ለስለስ አድርጌ ስለመታሁ ነው፣ ዳግመኛ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሣ፣ ጠንከር አድርጎ፣ ጥቁሯን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስልኩ ውስጥ የወንበር መንኳኳት የመሰለ ነገር ተሰማ፣ እሷ አይደለችም፣ እሷን ያውቃታል፣ እንደገና፣ ጥቁሯን፣ አንድ፣ ሁለት፣

«ኖዳር» አለች ማናና ከሩቅ።

ሳይሰማት ሊቀር ፈልጎ የበለጠ ጠንክሮ መታው፣ የግራው እርምጃ፣ የቀኙ ማነከስ፣ ሊደርስበት ነው፣ ቤት እስካልገባ ድረስ አያልቅማ፣ ራሷ ናት ያለችው፣ ካልተመለሰ አያልቅም፣ እንግዲያው አልመለስም፣ ጥቁሯን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣

«ኖዳር! በቃ፣ ወንድሜ፣ በቃ ተው! ቀለበቷ ወደቀ። ወለሉ ላይ ወደቀ እኮ… እያፈላለግኩ ነው፣ አላገኘሁትም… ኖዳር…»

መስመሩ ተቋረጠ። ሃያ ደቂቃው አልቋል፣ ወይ ሰውዬው ነቅሎታል፣ ቱ ቱ ቱ ይላል ፎጣው ላይ፣ የሚያበሳጭ ልክ የጠበቀ ምት፣ ድምፁ በሁለት ቁልፎች መሃል ያለ፣ ፒያኖ ላይ የማይገኝ። ኖዳር እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሰምታ መሞት ትችል ነበር። ያን ጊዜ ስታንኳኳ፣ ወዲያው፣ ነጯን ቢነካላት፣ ሁለት ደቂቃ ነበር የቀረው፣ ሁለት ደቂቃ አታጣም ነበር፣ ሲገባ ትሰማው ነበር። እናቱ የለመነችውን አንዲት ነገር እጁ ላይ ይዞ ከለከላት፣ እንድትቆጣው ብሎ። የመጨረሻ ትንፋሿን ሰው ቤት ሲያዞራት አባከነው። ይህን የሚነግረው ሰው የለም፣ የሚያንኳኳለትም።

ምን ያህል እንደተቀመጠ አያውቅም። ከዚያ እጁ ተነሣ፣ እሱ አላነሣውም። ከመስመሩ መጀመሪያ። ግራው ይረግጣል፣ ቀኙ ያነክሳል፣ መንገዱ ያው ነው፣ መታጠፊያው ላይ ትንሿ ጣት ሳትፈራ፣ ሳታመነታ፣ የሰፈሩን መንገድ እንደሚሄድ ሰው ነጯን ነካች። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አራት ምት ዝም አለ፣ ዝምታውን ቆጠረ፣ አንድም ሳይሰርቅ። ሁለተኛው ዜማ ቤት ገባ፣ ቃል በቃል ያው ዜማ፣ ሣቁን በሩ ላይ ትቶ፣ ጨለማው ውስጥ ማንንም ሳያገኝ። ኖዳር እስከ መጨረሻው ተጫወተው። የመጨረሻው ድምፅ ከእንጨቱ ውስጥ እስኪጠፋ ቁልፎቹን አለቀቀም፣ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ገና ስምንት ሰዓት አልሆነም፣ የቀትር ዕረፍቱ አላበቃም፣ ከታች ወይዘሮ ፖኮርኒ እንኳ አላንኳኳችም።